የማካርትኒ የቤት ውስጥ አልበም እንደገና ሲመዘን

ጥያቄው የደረሰኝ በሚከተለው መልክ ነው። «የቢትልስን አልበሞች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካዳመጥሁ በኋላ፣ ፖል ማካርትኒ ባንዱ ሲፈርስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣውንና በገዛ ስሙ የጠራውን አልበም ሰማሁት። ግማሹ ገና ረቂቅ መሰለኝ። በጊዜው የነበሩ ሐያሲያንም እንዲሁ እንዳሉ አንብቤአለሁ፤ ዛሬ ግን ብዙዎች ታላቅ ሥራ ነው እያሉ ያነሱታል። ለመሆኑ አልበሙ ያን ጊዜ ተበድሎ ነበር ወይስ አሁን ከልክ በላይ እየተወደሰ ነው?»

ሁለቱም ሆኗል ብዬ አምናለሁ። በቅድሚያ ግን ጆሮዎን አይጠራጠሩት፤ ያላለቀ የመሰለዎት አብዛኛው ነገር በእርግጥም ያላለቀ ነው፤ ማካርትኒም ይህን እያወቀ ነው ያወጣው። በ1970 የተሰጠው ፍርድ በአመዛኙ ከአልበሙ ጋር አብሮ በወጣው ዜና ላይ የተሰጠ ፍርድ ነበር፤ የዛሬው ውዳሴ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሠራው» የሚለውን ታሪክ ይዞ ይሮጣል። ሁለቱም ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ከማዳመጥ ያዘናጋሉ። እኔ በድምፅ ቀረጻ ሥራ ላይ ረጅም ዓመታት የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ሸክላ የምወደውም ባንዱን ያጣ ሙዚቀኛ እንደገና መጫወት ሲለማመድ ከቴፑ ላይ በጆሮ ስለሚሰማ ነው። የት የት ላይ እንደሚሰማ ላሳይዎ።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1969 ጆን ሌነን ከባንዱ መውጣቱን በዝግ ስብሰባ ለባልደረቦቹ አስታወቀ፤ ከሸክላ ኩባንያው ጋር ይካሄድ የነበረው የውል ድርድር እንዳይደፈርስ ሲባልም ነገሩ ከሕዝብ ተደበቀ። ማካርትኒ ያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነበር፤ ከሌነን ጋር የተዋወቀው ደግሞ በ15 ዓመቱ ስለሆነ ከጉርምስናው ወዲህ ያለ ባንድ የኖረበት ጊዜ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሚስቱን ሊንዳን፣ የእሷን ልጅ ሄዘርን እና በኦገስት መጨረሻ የተወለደችውን ሜሪን ይዞ በስኮትላንድ፣ ካምቤልታውን አጠገብ ወዳለው እርሻው ገባ። ከአልጋ መነሳት ያቃተው፣ መጠጥም ያበዛበት ወቅት እንደነበር ራሱ በኋለኞቹ ዓመታት በተለያዩ ቃለ መጠይቆች ተናግሯል። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ለንደን ሲመለስ ሴንት ጆንስ ውድ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱ ውስጥ ስቱደር የተሰኘ የስዊዘርላንድ ሥሪት ባለአራት ትራክ የቴፕ መቅረጫ አስተከለ። ከዚያ ቤት እስከ አቢ ሮድ ስቱዲዮ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ። ቢትልስ አብዛኛውን ሥራቸውን የሠሩበት ስቱዲዮ ደጃፉ ላይ እያለ ነው ሳሎኑን የመረጠው።

ባለአራት ትራክ መቅረጫ አንዱን ቴፕ ጎን ለጎን በአራት መስመር ከፍሎ ይይዛል። ሙዚቀኛው መጀመሪያ ድምፁንና ጊታሩን በአንደኛው መስመር ይቀርጻል፤ ከዚያ ያንን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በሁለተኛው ላይ ሌላ ጊታር፣ በሦስተኛው ላይ ከበሮ፣ በአራተኛው ላይ ቤዝ ይጨምራል፤ አራቱ ሲሞሉ ቦታ አለቀ ማለት ነው። በተሟላ ስቱዲዮ ውስጥ በማይክሮፎኑና በመቅረጫው መካከል ድምፆችን የሚያመጣጥን ሚክሰር አለ፤ የድምፁን መጠን የሚያሳይ መርፌም አለ። ማካርትኒ ሁለቱም ሳይኖሩት ማይክሮፎኑን በቀጥታ ከመቅረጫው ጀርባ ሰክቶ ነው የሠራው። እንዲህ ሲሠራ ድምፅ ከልክ ካለፈ ቴፑ ላይ ይሻክራል፣ ካነሰ ደግሞ የቴፑ ሽውታ ይውጠዋል፤ የትኛው እንደደረሰበት የሚታወቀውም ተቀርጾ ከተደመጠ በኋላ ብቻ ነው። ያለው መላ ማይኩን ማራቅና ማቅረብ ነው። እኔም በጀማሪነቴ መርፌው በተበላሸ ባለአራት ትራክ የካሴት መቅረጫ አንድ ወዳጄን ስቀርጽ፣ ማይኩን በፎጣ ጠቅልዬ የበሩ እጀታ ላይ እስከ መስቀል ደርሻለሁ፤ ከሦስት ሙከራ በኋላ የተገኘው ድምፅ ክፍሉን እንጂ ሰውየውን የቀረጽሁ ያስመስል ነበር። ስለዚህ በዚህ አልበም ላይ ከበሮው ራቅ ብሎ፣ ከግድግዳ ጋር ተላትሞ ሲመጣ ስሰማ፣ ዛሬ «ዘይቤ» የምንለው ነገር መጀመሪያ የችግር መውጫ እንደነበር ይታወሰኛል።

የአልበሙ መክፈቻ «ዘ ላቭሊ ሊንዳ» አዲሱን መቅረጫ ለመሞከር የተዘፈነ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንደኛው መስመር ድምፅና ጊታር፣ ሁለተኛው ሌላ ቦክስ ጊታር፣ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ በእጅ የተመታ ምት፣ አራተኛው ቤዝ ነው። ከበሮ ሆኖ የሚሰማዎት ያ ደረቅ ምት መጽሐፍ ነው። በመጨረሻው ላይ ማካርትኒ ሳቅ ያመልጠዋል፤ ሊንዳ በሳሎኑ በኩል ስታልፍም በሩ ሲንሿጠጥ ይሰማል። ሌላ ቀራጭ ቢሆን ይህን ቆርጦ ያወጣዋል፤ ማካርትኒ ግን የአልበሙ መግቢያ አደረገው። ይህ የመጀመሪያው ማሳያዬ ነው። አድማጩ ወደ አንድ ቤት እየገባ መሆኑ ገና በሩ ላይ ተነግሮታል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በስቱዲዮ ሚዛን መመዘን የቤት እንጀራን በዳቦ ቤት ሚዛን እንደ መመዘን ነው።

ነገር ግን ቤት ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚያጣው ነገር አለ። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጆርጅ ሃሪሰን በ1970 የጸደይ ወራት ስለ አልበሙ ተጠይቆ፣ «ዛት ዉድ ቢ ሰምቲንግ» እና «ሜይቢ አይም አሜዝድ» ግሩም እንደሆኑ፣ የቀሩት ደህና እንደሆኑ ከተናገረ በኋላ፣ ማካርትኒ ከሌሎች ሙዚቀኞች በመነጠሉ ዘፈኑ ጥሩ ይሁን መጥፎ የምትነግረው ሊንዳ ብቻ መሆኗን ጠቁሞ ነበር። ከሁሉም የ1970 አስተያየቶች ለእውነት የቀረበው ይህ ይመስለኛል። በባንዱ ውስጥ ማካርትኒ ግማሽ ዘፈን ይዞ ሲመጣ ሌነን የጎደለውን ስንኝ ይጠይቀው ወይም ራሱ ይጨምርበት ነበር፤ ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን ደግሞ ቅንብሩን ያርመው ነበር። እዚህ ግን የሚጠይቅ የለም። «ዛት ዉድ ቢ ሰምቲንግ» በዝናብ ውስጥ ስለ መገናኘት በሚናገር አንድ ሐሳብ ላይ ብቻ የቆመ ዘፈን ነው፤ ሁለተኛ ክፍል የለውም፣ ወዴትም አይሄድም። የሚገርመው ግን አለመሄዱ ያምርበታል። ሰው ክራሩን ሲቃኝ ቆይቶ አንዲት ሐረግ ስትጥመው ደጋግሞ እንደሚያንጎራጉራት ነው፤ ጊታሩ ይጀምራል፣ ከበሮና ጸናጽል ሳይጣደፉ ይከተሉታል፣ ድምፁም ወርዶ ደረቱ ውስጥ ይቀራል። ሌነን ክፍሉ ውስጥ ቢኖር ይህ ዘፈን የተሻለ ስንኝ ያገኝ ነበር፤ ይህን የመሰለ ዝምታ ግን አይኖረውም ነበር።

ከዚህ ሁሉ መካከል «ጀንክ» ረቂቅ ነው የሚል ሰው ካለ እከራከረዋለሁ። ዘፈኑ የተጀመረው በ1968 ቢትልስ ሕንድ አገር ሪሺኬሽ በነበሩበት ጊዜ ነው፤ በዚያው ዓመት በሃሪሰን ቤት በሙከራ ተቀርጾ ነበር፤ ነገር ግን የባንዱ አልበም ውስጥ ቦታ አላገኘም። ግጥሙ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ሱቅ ዕቃዎች አንድ በአንድ እየጠራ ይሄዳል። አዝማቹ ላይ የሱቁ መስኮት ዕቃውን ግዙ ይላል፤ ጓሮ የተጣለው ዕቃ ደግሞ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ቤቱ ውስጥ ድምፅ፣ ሁለት ቦክስ ጊታርና ቤዝ ቀረጸ፤ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ በብሩሽ የሚመታ ከበሮ፣ ትንሽ ዛይሎፎንና ሁለተኛ ድምፅ ጨመረበት፤ ከዚያ በላይ አንድም ነገር አላስገባም። በ1968 ሲጻፍ ምናልባት ስለ አሮጌ ዕቃ ብቻ ነበር። በ1970 ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ሲዘፈን፣ የተጣለው ዕቃ «ለምን?» ሲል አድማጩ ጥያቄውን ከዕቃ አፍ ብቻ አይሰማውም። በሁለተኛው ገጽ ላይ ይኸው ዜማ ያለ ድምፅ በመሣሪያ ብቻ ተደግሞ ይመጣል፤ እኔ ይህን እንደ መሙያ አልቆጥረውም፤ ግጥሙ አንዴ ከተሰማ በኋላ ፒያኖው ቃላቱን ለአድማጩ ይተውለታል።

አሁን የዘመኑን ውዳሴ ላርም። አልበሙ ከዳር እስከ ዳር ሳሎን ውስጥ የተሠራ አይደለም። ማካርትኒ በ1970 መጀመሪያ ላይ ቴፖቹን ይዞ በዊልስደን ወደሚገኘው ሞርጋን ስቱዲዮ ሄደ፤ ወሬው እንዳይወጣም ቀጠሮው የተያዘው ቢሊ ማርቲን በሚል ሐሰተኛ ስም ነበር። ከዚያም በፌብሩዋሪ ወደዚያው ወደ ጎረቤቱ ወደ አቢ ሮድ ተመለሰ። «ኤቭሪ ናይት»፣ «ማን ዊ ዎዝ ሎንሊ» እና «ሜይቢ አይም አሜዝድ» የተቀረጹት እዚያ ነው። እንግዲህ ሰው ሁሉ አልበሙን ለማመስገን መጀመሪያ የሚጠራው ዘፈን፣ ማለትም «ሜይቢ አይም አሜዝድ»፣ የቤት ቀረጻ አይደለም፤ በሙሉ መሣሪያ፣ በሠለጠነ የድምፅ ባለሙያ የተቀረጸ የስቱዲዮ ሥራ ነው። «ቤት መሥራት ከስቱዲዮ ይሻላል» ለሚለው ክርክር ይህን ዘፈን ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው።

ዘፈኑ ራሱ ግን ምንም ዓይነት ታሪክ አያስፈልገውም። ፒያኖውን፣ ቤዙን፣ ጊታሩን፣ ከበሮውን የሚጫወተው እሱው ነው፤ ሊንዳ በአጃቢ ድምፅ ብቻ ትገባለች። ማካርትኒ ከበሮ መምታት አዲሱ አልነበረም፤ በ1968 የባንዱ ከበሮ መቺ ሪንጎ ስታር ተቀይሞ ለሁለት ሳምንት ያህል በወጣበት ጊዜ በሁለት የቢትልስ ዘፈኖች ላይ የመታው እሱ ነበር። የስታር ዓይነት ለስላሳ እጅ ግን የለውም፤ ምቱ ከበድ ያለ፣ ጥቂት የተጎተተ ነው። ግጥሙ በፍቅር የተያዘ ሰው ሳይሆን በፍቅር የዳነና ለዚህም ፍርሃት የገባው ሰው ግጥም ነው፤ ሰውየው በሊንዳ ላይ ምን ያህል እንደተደገፈ ሲረዳ ይደነግጣል። በላይኛው ድምፁ ሲጮህ ከበሮው በዚያ ክብደት ከሥሩ መምታቱ ለዚህ ድንጋጤ ይስማማዋል። ያም ሆኖ ከአልበሙ አንድም ነጠላ ሸክላ አልወጣም፤ ይህ ዘፈን በነጠላ የወጣው በ1977፣ ዊንግስ የተባለው ቀጣዩ ባንዱ በመድረክ ሲጫወተው ከተቀረጸ በኋላ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የያዘ አልበም ለምን እንዲያ ተናቀ? መልሱ ከሙዚቃው ውጭ ያለ ነው። ለጋዜጠኞች የተላኩት ቅጂዎች ውስጥ ማካርትኒ በጥያቄና መልስ መልክ ያዘጋጀው ወረቀት ነበረበት፤ ከባንዱ ጋር አዲስ አልበም ታቅዶ እንደሆነ፣ ከሌነን ጋር እንደገና ዘፈን ይጽፉ እንደሆነ ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱ «አይደለም» የሚል ብቻ ነበር። ኤፕሪል 10 ቀን 1970 ዴይሊ ሚረር ማካርትኒ ቢትልስን እንደለቀቀ በፊት ገጹ አወጣ፤ አልበሙ እንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው ከሳምንት በኋላ ኤፕሪል 17 ነው። ሰባት ወር ያህል ምሥጢሩን ለጠበቀው ለሌነን ይህ ሐዘንን ለሽያጭ ማስታወቂያ ማድረግ ሆኖ ታየው። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የአልበሙ መውጫ ቀን «ሌት ኢት ቢ» የተባለው የቢትልስ አልበም ከሚወጣበት ጊዜ ጋር በመጋጨቱ ስታር ቀኑ እንዲራዘም የሚጠይቅ ደብዳቤ ይዞ ወደ ማካርትኒ ቤት ሄዶ ተባርሮ ወጥቷል፤ ቀኑ ይሰጠው ብሎ የተከራከረለትም ያው የተባረረው ስታር ነው፤ ይህንን ሁልጊዜ በአክብሮት አነሳለታለሁ። በሌላ በኩል የማካርትኒ አልበም አልቆ ሸክላው በሚጠበቅበት በኤፕሪል መጀመሪያ፣ «ሌት ኢት ቢ»ን ለሕትመት ያዘጋጅ የነበረው ፕሮዲዩሰር ፊል ስፔክተር «ዘ ሎንግ ኤንድ ዋይንዲንግ ሮድ» በተባለው ዘፈኑ ላይ እሱ ሳያውቅ ትልቅ ኦርኬስትራና ሴት መዘምራን ጨመረበት። የዚህን ዘፈን ሁለት ስሪቶች የሰማ ሰው፣ ማካርትኒ ሌላ እጅ ያልነካው አልበም ለምን እንደፈለገ አይጠፋውም።

በዚያን ዓመት መጨረሻ የሃሪሰን ሦስት ሸክላ ያለው «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ» እና የሌነን የመጀመሪያ ብቸኛ የዘፈን አልበም ተከታትለው ወጡ፤ የማካርትኒው ከሁለቱ ጎን ሲቆም ቀሎ ታየ። ሌነን በዲሴምበር 1970 በሰጠው ረጅም ቃለ መጠይቅ አልበሙን ቆሻሻ ብሎ አጣጥሎታል። ገዢው ሕዝብ ግን አላጣጣለውም፤ በአሜሪካ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፣ በእንግሊዝም ሁለተኛ ደርሷል። እኔን የሚቆጨኝ የሌነን አልበምም በጥቂት መሣሪያ፣ ባዶውን የተቀረጸ መሆኑ ነው። የእሱ ባዶነት ድፍረት ተባለ፤ የማካርትኒ ባዶነት ስንፍና ተባለ። ልዩነቱ ሌነን ሕመሙን በግልጽ እየጮኸ መናገሩ ይመስለኛል።

ማካርትኒ ግን አልተናገረም ማለት አይቻልም። የ«ኤቭሪ ናይት»ን ግጥም ልብ ብለው ይስሙት፤ ሲመሽ ከራሱ መሸሽ የሚፈልግ፣ ሲነጋ ከአልጋው መውረድ የማይፈልግ ሰው ነው የሚናገረው፤ ስኮትላንድ ውስጥ ያለፈበትን ወራት ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚናገር ዘፈን የለም። «ማን ዊ ዎዝ ሎንሊ» ከርዕሱ ጀምሮ ብቸኞች ነበርን ይላል፤ ዜማው ግን ለሠርግ የሚሆን ነው፤ ከሊንዳ ጋር እየተቀባበሉ የዘፈኑትም የመጀመሪያው ቀረጻ ነው። ሐያሲያኑ ዜማውን ሰምተው ሰውየው ደስ ብሎታል አሉ። ለአማርኛ አድማጭ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም፤ የሚያስጨፍር ምት ላይ የተጫነ የሚያስለቅስ ግጥም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ እኛ ግጥሙን ሳንሰማ ዘፋኙን ደስተኛ አንለውም።

ጆሯችን መለወጡም እውነት ነው። በ1979 ታስካም የተባለው የመቅረጫ አምራች ባለአራት ትራክ የካሴት መቅረጫውን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ቤት መቅረጽ የሀብታም ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በ1982 አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በዚህ ዓይነት መሣሪያ ቤቱ የቀረጸውን የሙከራ ካሴት «ነብራስካ» ብሎ እንዳለ አወጣው፤ ከዚያ በኋላ የቴፕ ሽውታ ነውር መሆኑ ቀርቶ የቅንነት ምልክት ተደርጎ መታየት ጀመረ። ማካርትኒ ራሱም በ1980 እና በ2020 ስሙንና ተራ ቁጥር ይዘው የወጡ ሁለት አልበሞችን በተመሳሳይ መንገድ ብቻውን ሠርቷል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲቆሙ የመጀመሪያው አጋጣሚ ብቻ ሳይሆን የተመረጠ አሠራር መሆኑ ይታያል። ሽውታ ግን ለዘፈን ነፍስ አይሰጠውም፤ «ጀንክ» ንጹሕ ቴፕ ላይ ቢቀረጽም «ጀንክ» ነው።

የማልከላከላቸው ክፍሎችም አሉ። «ቫለንታይን ዴይ» መሣሪያ ፈትሾ መጨረሻው የጠፋበት ሰው ሥራ ነው። በብርጭቆ ጠርዝ ላይ የተጫወተው «ግላሲስ» አንዴ ከተሰማ ይበቃል። የመዝጊያው «ክሪን አክሮሬ» የተነሣው በብራዚል ደን ስለሚኖር ሕዝብ ከታየ የቴሌቪዥን ፊልም ነው፤ ማካርትኒ ስቱዲዮ ውስጥ ከበሮ ከመታ በኋላ የቀስት ድምፅና የአውሬ ጩኸት ጨመረበት፤ ስለ ሕዝቡ ግን የሚነግረን ምንም ነገር የለም፤ አልበሙን በደከመ እግር ያስወጣዋል። ከመሣሪያ ብቻ ሥራዎቹ የምወደው «ማማ ሚስ አሜሪካ»ን ነው፤ ሁለት የተለያዩ ቁርጥራጮች ሳይታሰብ ቴፑ ላይ ተጋጥመው አንድ የሆኑበት ሲሆን፣ ቤዙ እንደ ልቡ የሚራመድበትን ያን የመጀመሪያ ክፍል ደግሜ ደግሜ እሰማዋለሁ።

አልበሙን እንደገና ሊያዳምጡት ከፈቀዱ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። መጀመሪያ ዊንግስ በ1976 በአሜሪካ መድረክ ላይ የተጫወቱትን «ሜይቢ አይም አሜዝድ» ይስሙ፤ አምስት ሙዚቀኞች እየተያዩ ይጫወታሉ፣ ከበሮው ይመራል፣ ጊታሩ ይመልስለታል፣ ማካርትኒም በላያቸው ላይ ተመችቶት ይዘፍናል። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ ወደ 1970ው ይመለሱና ድምፁን ትተው ከበሮውን ብቻ ይከተሉ። ወደ አዝማቹ በሚያሻግረው ቦታ ላይ ከበሮው ፒያኖውን አይመራውም፤ በጆሮዬ እንደምሰማው ፒያኖው ያለፈበትን መንገድ ያውቃልና ከኋላው እየተከተለ፣ ሊወድቅበት ያለውን እያነሳለት ይሄዳል።